የማያሳሳ አውሮፕላን

በሪሞት የምትበረው የመጀመሪያዋ ትንሽ የውጊያ አውሮፕላኔ በጣም ቆንጆ ነበረች። ችግሯም ይኸው ነበር።

ሦስት ወር ፈጅታብኛለች። ባልሳ የሚባለውን ቀላል እንጨት እየቆረጥኩ፣ የክንፏን የጎድን አጥንቶች አንድ በአንድ እየሞረድኩ፣ በላያቸው ስስ ፕላስቲክ ወጥሬ በካውያ እየተኮስኩ። ካለቀች በኋላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ አያት ነበር፤ አንዳንዴ መብራት አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ተመልሼ እየገባሁ። ከዚያ ለውጊያ ይዣት ሄድኩ። ሌሎቹ አየር ላይ እየተሳደዱ ይቆራረጣሉ፣ እኔ ዳር ዳሩን እዞራለሁ። አንዱ ሲጠጋኝ እሸሻለሁ። አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል «አንተ፣ ልትዋጋ ነው የመጣኸው ወይስ ልታስጎበኛት?» አለኝ። የሰማው ሁሉ ሳቀ። እልህ ያዘኝና ገባሁ። ሃያ ሰከንድ አልሞላም፣ የራሱ የጓደኛዬ ፕሮፔለር ጅራቷን ከሥሩ ላጨው። የሦስት ወር ልፋቴ እየተሽከረከረ ወረደ።

ተናደድኩ፣ ግን በሱ አይደለም። ስብርባሪውን በፌስታል ይዤ ስመለስ አንድ ነገር ገባኝ። አንጀቴን የምትበላ አውሮፕላን ይዤ መዋጋት አልችልም። ገና ስነሳ ነው የተሸነፍኩት። ስለዚህ ቀጣይዋን ከማያሳሳ ነገር ልሠራት ወሰንኩ፤ ብትወድቅ ትከሻዬን ነቅንቄ የማልፋት፣ ብትሰበር በአንድ ምሽት የምተካት።

ነገሩን ለማታውቁት፦ ውጊያ ስል ተኩስ የለበትም። እያንዳንዱ አውሮፕላን ከጅራቱ ረጅም የክሬፕ ወረቀት ጥብጣብ ይጎትታል። የአንተ ሥራ የሌላውን ጥብጣብ በፕሮፔለርህ ወይም በክንፍህ መቁረጥ፣ የራስህን ደግሞ ማትረፍ ነው። የጥብጣቡ ርዝመት እንደ ውድድሩ ደንብ ይለያያል፤ እኛ አሥር ሜትር ገደማ ነው የምንጠቀመው። በሪሞት ፋንታ በቀጭን የሽቦ ገመድ የሚበሩ አውሮፕላኖችም የራሳቸው ውጊያ አላቸው። ኤፍ 2 ዲ ይባላል፣ የዓለም ሻምፒዮና ሁሉ አለው። ሁለት ሰዎች አንድ ክብ ውስጥ ቆመው 4 ደቂቃ ይፋለማሉ፣ አንድ ቁርጥ 100 ነጥብ ነው። ያንን ሲጫወቱ ያየ ሰው የኛን «ቀስ ያለ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። እኛ ግን ብዙ ሆነን አንድ ሰማይ ላይ ስለምንወጣ መጋጨቱ አይቀርም። መጋጨት ካለ ደግሞ ፕላስቲክ።

ኮሮፕላስት ይሉታል። ስሙን ባታውቁት እሱን አይታችሁታል፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚታተምበት ቀላል የፕላስቲክ ሉህ ነው። ከጎኑ ሲያዩት ካርቶን ይመስላል፦ ሁለት ስስ ቆዳ፣ በመሀላቸው በትንንሽ ግድግዳ የተከፋፈሉ ቦዮች። ካርቶን ግን ውሃ ሲነካው አለቀለት። ይሄ ግን ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ጤዛ ላይ አድሮ እንኳ ምንም አይሆንም። ከውሃ ይቀላል፣ ኩሬ ውስጥ ቢወድቅ ይንሳፈፋል። (ሞክሬዋለሁ፣ ሳልፈልግ።) ጁሊዮ ናታ የሚባል ጣሊያናዊ ኬሚስት ነው እ.ኤ.አ. በ1954 ይህንን ፕላስቲክ ዛሬ በምናውቀው ጠንካራ መልኩ ያገኘው፤ በ1963 ከካርል ዚግለር ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሰውዬው ምን እንደሚሠራበት ብዙ አስቦ ይሆናል፣ የኔን ዓይነት አውሮፕላን ግን አላሰበም።

ፖሊፕሮፒሊንን የምወድበት ዋናው ምክንያት ማጠፊያነቱ ነው። ክዳኑ ከአፉ ጋር በስስ ፕላስቲክ የተያያዘ የሻምፖ ዕቃ አስቡ። በሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ አይበጠስም። ከአንድ ሉህ ላይ አንዱን ቆዳ ብቻ በቦዩ ርዝመት ሰንጥቃችሁ ሌላውን ብትተዉት፣ ያው ማጠፊያ እጃችሁ ላይ ነው። ማጠፊያ መግዛት የለ፣ ቀዳዳ መብሳት የለ፣ የሚወልቅ ነገር የለ። ኤሌሮኑም (ክንፉ ጀርባ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ኤሌቬተሩም (ጅራቱ ላይ ያለው) የሚንቀሳቀሰው በዚሁ ነው። እስካሁን አምስት አውሮፕላን ሠርቻለሁ፣ አንድም ማጠፊያ ተቆርጦብኝ አያውቅም። ሌላው ሁሉ ተቆርጦብኛል።

እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ለዘዴው «ስፓድ» የሚል ስም አውጥተውለታል። በእንግሊዝኛ «ቀላል የፕላስቲክ አውሮፕላን ንድፍ» የሚለው ሐረግ ምህጻር ነው፣ ቀልድም አለበት፤ ስፓድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፈረንሳዮች ተዋጊ አውሮፕላን ስም ነበርና። ዝነኛው ፈረንሳዊ ተዋጊ አብራሪ ጊንሜር በሱ በሯል፣ አሜሪካዊው ሪከንባከርም በሱ በሯል። ያኛው ስፓድ ጠንካራ ነው፣ ቁልቁል ሲወረወር አይበታተንም ተብሎ የተመሰገነ ነበር። የኛውም ያው። መልክ ግን አትጠይቁ።

አሁን ወደ መከራው። ፖሊፕሮፒሊን አይጣበቅም።

ይህንን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ሱፐር ግሉ ትቀቡታላችሁ፣ ይደርቃል፣ ደስ ይላችኋል፣ ከዚያ በጥፍራችሁ ስትነኩት እንደ ቅርፊት ተላጦ ይነሳል። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ብርድ ሲነካው ወይም አውሮፕላኗ መሬት ስትመታ ጧ ብሎ ይለቃል። ችግሩ ያለው ከፕላስቲኩ ገጽ ነው። ጠብታ ውሃ ጣሉበት፤ ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ይቆማል፣ አይዘረጋም። ውሃን ያልተቀበለ ገጽ ሙጫንም አይቀበልም።

መፍትሔው እሳት ነው። በትንሽ የጋዝ ማቃጠያ ሰማያዊውን ነበልባል ገጹ ላይ ፈጠን አድርጋችሁ ታሳልፉታላችሁ። ፈጠን ማለት እጃችሁን በሻማ ላይ እንደምታሳልፉት ነው። ከዘገያችሁ ሉሁ ይጨማደዳል፤ የመጀመሪያ ሙከራዬ የተጠበሰ ቆዳ መስሎ ነው የቀረው። በትክክል ከሠራችሁት በዓይን ምንም ለውጥ አታዩም። ግን አሁን ውሃ ጣሉበት፦ ጠብታው ዶቃ መሆኑ ቀርቶ ተዘርግቶ ያርሰዋል። ይህን መጀመሪያ ያሳየኝ ከኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ምን ተለወጠ? ያው እኮ ነው» ስለው ጣቱን ውሃ ነክሮ አንድ ጠብታ አንጠባጠበበትና «ዓይንህን ሳይሆን ውሃውን እመን» አለኝ። እሳቱ የላይኛውን ገጽ ከኦክሲጅን ጋር አገናኝቶ ኬሚስትሪውን ስለለወጠው ነው። ለውጡ እያደር ስለሚደክም በዚያው ቀን ማጣበቅ ይሻላል። ጣታችሁንም አታስነኩት፣ ቅባት አለው። የሻማ ወይም የላይተር ቢጫ እሳት አይሆንም፣ ጥላሸት ይቀባዋል። መስኮት መክፈት ደግሞ አይረሳ።

ከዚያ በኋላ እኔ የምጠቀመው ማስቲሽ ነው። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ፣ በእሳት ማሳለፍ፣ ሁለቱንም ወገን መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ማጣበቅና መጫን። መጠበቁ ነው ከባዱ። እርጥብ ሆኖ ያጣበቀ ሰው በማግስቱ ክንፉን በእጁ ይከፍተዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ያም ሆኖ ብዙ ጫና ያለበትን ቦታ ለሙጫ አላምንም። ሞተሩ፣ ክንፉ ከአካሉ የሚገናኝበት፣ ጅራቱ፤ እነዚህ በብሎንና በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የሚያዙት። ብሎኑን በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ ካሰራችሁት ዳዶው ቀስ በቀስ ሰርጉዶ ይገባል። ሰፋ ያለ ሮንዴላ ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ ከሥሩ ማድረግ ግድ ነው። የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላቸው፦ በግጭት ጊዜ ቀድመው የሚበጠሱት እነሱ ናቸው። ክንፉ ሙሉ ሆኖ ይወልቃል፣ ሄደህ ታነሳዋለህ፣ አራት አዲስ ማሰሪያ ታስገባለህ፣ ለቀጣዩ ዙር ትደርሳለህ።

ክንፉ። ልቤ ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም ካደረግኩት ይቅርታ።

የክንፌ ርዝመት ከጫፍ ጫፍ 110 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ስፋቱ 22። የሚሠራው ከአንድ ሉህ ነው፤ ታጥፎ ከላይም ከታችም ይሆናል። 110 በ41 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቁራጭ ያስፈልጋል። ለምን 44 አይሆንም ካላችሁ፣ ከ22ቱ የመጨረሻው 4 ሴንቲ ሜትር ኤሌሮን ስለሆነ ነው፣ እሱ አንድ ንጣፍ ብቻ ነው። የታችኛው ወገን 22 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ የላይኛው 18 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር። ያቺ 7 ሚሊ ሜትር ናት የክንፉን ጀርባ የምታጎብጠው። ላዩ ጎበጥ፣ ታቹ ጠፍጣፋ። እሷን ረስቼ የቆረጥኩት የመጀመሪያ ሉህ አሁን የጠረጴዛዬ ልባስ ነው።

ውፍረት ላይ ተጠንቀቁ። ሉሁ በ2 ሚሊ ሜትርም በ4 ሚሊ ሜትርም አለ። 4ቱ በእጅ ሲያዝ ጠንካራ ስለሆነ ልብ ያማልላል። እኔ ያንኑ ልክ ቆርጬ መዘንኩት፦ የ2 ሚሊ ሜትሩ 160 ግራም ገደማ፣ የ4ቱ 340 ገደማ። ልዩነቱ አንድ ሙሉ ባትሪ ነው። ስለዚህ ክንፉ በ2፣ ጅራቱ በ4። አለቀ።

ቦዮቹ በክንፉ ርዝመት፣ ከጫፍ ወደ ጫፍ መሄድ አለባቸው። ጥንካሬው ያለው በዚያ አቅጣጫ ነው። በአፍንጫው በኩል ሲታጠፍ ስል ጠርዝ እንዳይሆን፣ ከውስጥ በኩል ሦስት ወይም አራት ተከታታይ ቦዮችን ቆዳቸውን ብቻ እሰነጥቃለሁ። ካተሩን አንዱ ቦይ ውስጥ አስገብቶ ግድግዳውን እንደ ሐዲድ ተደግፎ መጎተት ነው፣ ማስመሪያ አያስፈልግም። የውጪው ቆዳ ከተነካ ግን ያው ሉህ ወደ ጠረጴዛ ልባስነት ይሄዳል። በትክክል ሲሰነጠቅ ረጋ ያለ የዚፕ ድምፅ አለው፣ ወዲያው ይታወቃል። ካተሩ የቆዳውን ድንበር ሲያልፍ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል። አሁን አሁን በጆሮዬ ነው የምቆርጠው።

በውስጡ የክንፉን ሸክም የሚችል ወጋግራ ይገባል። 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ቀላል የእንጨት ጣውላ፣ ከአፍንጫው 6 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ። አንዳንዱ የአሉሚኒየም ቱቦ ያስገባል። አሉሚኒየም ጥሩ ነው፣ ግን አንዴ ከጎበጠ ጎበጠ። እንጨት ወይ ይኖራል ወይ ይሰበራል፣ አያታልልም።

ከዚያ ማጣበቅ። ማስቲሹን ቀብቼ፣ አጥፌ፣ በላዩ መጻሕፍት ደርድሬ እተኛለሁ። በሦስተኛዋ አውሮፕላን ጊዜ ጠረጴዛው ሞልቶብኝ አልጋ ላይ አጣበቅኳት። ጠዋት ሲታይ ደህና ነው። አየር ላይ ስትወጣ ግን ወደ ግራ ትንከባለላለች፣ ሪሞቱ ላይ ባለው ማስተካከያ፣ በትሪም፣ ባስተካክላት ፍጥነት ስትጨምር መልሳ ትንከባለላለች። አንዱ ክንፍ ተጠማዞ ደርቋል፣ ፍራሹን መስሎ። ከዚያ ወዲህ ጠፍጣፋ የበር ሳንቃ ከሌለ ክንፍ አላጣብቅም።

አካሉን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ምንም ጥበብ የለውም። ከ4 ሚሊ ሜትር ሉህ የታጠፈ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። አንዳንዶች የዝናብ ውሃ የሚወርድበትን አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ቱቦ ይጠቀማሉ፣ ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ይከብዳልም። የፊቱ ጫፍ ላይ የእንጨት ቁራጭ ይገባል፣ ሞተሩ እሱ ላይ ይታሰራል።

ጅራቱ ግን አንድ ታሪክ አለው። ኤሌቬተሩን ስቆርጥ ቁራጭ ለመቆጠብ ብዬ ቦዮቹን ከፊት ወደ ኋላ አደረግኳቸው። መሬት ላይ ምንም አይታወቅም። ቁልቁል ጠልቄ የሰው ጥብጣብ ሳሳድድ ዝዝዝዝ የሚል ድምፅ መጣ፣ ዝንብ ብርጭቆ ውስጥ እንደተዘጋባት ዓይነት። ኤሌቬተሩ እየተርገበገበ ነበር። የሪሞቱን ስቲክ ስስብ አፍንጫዋ አልነሳ አለ። ሜዳው ላይ የገባችበት ጉድጓድ የክርን ያህል ነበር ብል ማጋነን ነው፣ ግን ባትሪውን ለማውጣት አፈር ቆፍሬአለሁ። ክንፉ ምንም አልሆነም። ጅራቱን በሌላ ተካሁት፤ አሁን ቦዮቹ ከግራ ወደ ቀኝ ናቸው፣ በአንዱ ቦይ ውስጥም የብስክሌት ራጂ ተሰክቷል። ራጂ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ልክክ ብሎ ይገባል። ጥቂት ግራም ነው፣ ግን መርገብገብ የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

የኤሌክትሪኩ ወገን ሁሉም የሚያውቀው ነው። 2212 የሚባለው ብሩሽ አልባ ሞተር፣ 2200 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 2200 ዙር ማለት ነው)። 6 በ4 ፕሮፔለር (በኢንች)። የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር የ30 አምፒር ኢኤስሲ። ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ፣ 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት። ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹን የሚገፉ አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ። ሁሉ ተደምሮ አውሮፕላኗ ለመብረር ስትዘጋጅ 800 ግራም አካባቢ ትመዝናለች። ቀላል አይደለችም። ከአረፋ የሚሠሩት ከዚህ በጣም ያንሳሉ፣ ሲዞሩም ጠበብ አድርገው ይዞራሉ። እኔ ግን አረፋ አንድ ጊዜ ተጋጭቶ በአየር ላይ እንደ በረዶ ሲበተን ስላየሁ በክብደቴ እኮራለሁ።

ኤሌክትሮኒክሱን ከአውሮፕላኗ ጋር አታጋቡት። ሁሉም በቀላሉ የሚወጣ ይሁን። አውሮፕላኗ ሟች ናት፣ ሞተሩና የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ግን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋሉ። የኔ አንድ ሞተር አሁን አምስተኛ ቤቱ ነው። ለባትሪው ብቻ አትሳሱ፣ በግጭት ያበጠ ወይም የጎበጠ ሊፖ ቻርጅ አይደረግም። እሳት ነው። ደህናውንም ቢሆን ቻርጅ ላይ ጥሎ መተኛት አይታሰብም።

ሚዛን። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይቺን አንብቡ። ከክንፉ አፍንጫ ከ5.5 እስከ 6.5 ሴንቲ ሜትር ባለው ቦታ፣ ማለትም ከክንፉ ስፋት ሩብ እስከ ሲሶ በማይሞላው ላይ፣ በሁለት ጣት ከሥር ስትደግፏት አግድም መቆም አለባት። ባትሪው ፊት ላይ እንዲንሸራተት ሰፊ ቦታ የምተውለት ለዚህ ነው። ወደ ፊት ካጋደለች ትደነዝዛለች፣ ትሮጣለች እንጂ አትታጠፍም፤ እሺ፣ ትበራለች፣ ወርዳ ትስተካከላለች። ወደ ኋላ ካጋደለች ግን የምትነዳት እሷ ናት። ስቲኩን በጥቂት ስትነካ ትዘላለች፣ ስትመልስ ትገለበጣለች። ጅራቷ ውስጥ ያስገባሁት ራጂ ይህንኑ አድርጎብኝ ነበር፤ ጥቂት ግራም ብዬ ንቄው፣ ግን ያ ጥቂት ግራም ከሚዛኑ ቦታ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ነው የተቀመጠው። ባትሪውን ሁለት ጣት ወደ ፊት ገፋሁት፣ ሰላም ሆነ።

አንድ ነገር በቁም ነገር። 800 ግራም የሚመዝን ነገር በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየበረረ ሰው ቢመታ ቀልድ አይደለም። ተመልካች ከኋላችን ይቆማል፣ ውጊያው ሁልጊዜ ከፊታችን ነው፣ ማንም በሰው ጭንቅላት ላይ አይሻገርም። ሪሞቱ ሲግናል ቢቋረጥበት ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋ ማዘጋጀት ደግሞ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ነው። ሪሞቱን አጥፍታችሁ ፈትሹት፣ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ።

የመጨረሻዋ፣ አምስተኛዋ፣ ብርቱካናማ ናት። ቀለም ቀብቻት እንዳይመስላችሁ፤ ቀለምም እንደ ሙጫው አይይዛትም። ሉሁ ራሱ ብርቱካናማ ነበር። በአንዱ ክንፏ ላይ የማስታወቂያው ጽሑፍ ግማሽ ፊደል ቀርቷል፣ በተገላቢጦሽ። አየር ላይ ስትገለበጥ ጽሑፉ ይታያል፣ ከታች ሆኜ የቱ ወገኗ እንደሆነ የማውቀው በሱ ነው። ጥቅሙ አልታቀደም ነበር።

በእሷ የገባሁበት የመጀመሪያ ውጊያ ላይ አምስት ነበርን። ስንነሳ ልቤ አልመታም። ይህ ለኔ አዲስ ነው። ወዲያው ወደ መሀል ገባሁ፣ ከፊቴ የሚጎተት ነጭ ጥብጣብ አየሁ፣ ተከተልኩ። ርቀት መገመት ነው የሚያስቸግረው። ከመሬት ሲታይ ሁለት አውሮፕላን የተጠጋጉ ይመስላሉ፣ በመሀላቸው ግን ሃያ ሜትር ይኖራል። ጓደኞቼ የሚያደርጉትን አደረግኩ፦ ጥብጣቡን ትቼ የባለቤቱን አውሮፕላን ተከተልኩ፣ እሱ በታጠፈበት ታጠፍኩ። አንድ ጊዜ ሞተሬ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ የወረቀት ቁራጭ ከኋላዬ ተበተነ። ቆረጥኩ!

ደስታዬ አሥር ሰከንድ ቆየ። የቆረጥኩት ወረቀት ሞተሬ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፣ ኃይል አጣሁ። ይህ ሲሆን ቶሎ ማጥፋት ነው፤ ካልሆነ ኢኤስሲው ሙቀቱን አይችለውም። አጥፍቼ እየተንሳፈፍኩ ለማረፍ ስዞር፣ ያ የመጀመሪያዋን ቆንጆ አውሮፕላኔን ያወረደው ጓደኛዬ ጥብጣቤን ከኋላ ሊቆርጥ መጣ። ቸኩሎ ነው መሰለኝ። ክንፍ ለክንፍ ተገናኘን። ድምፁ እስከ ቆምንበት ድረስ ተሰማ፣ ጧ!

የሱ አረፋ ነበረች። ግራ ክንፏ ከመሀሉ ተቆርጦ ለብቻው ወረደ፣ ሌላው ቀሪ አካሏ ከሱ ቀድሞ። የኔዋ ሁለት ጊዜ ተገለበጠች፣ ጽሑፉ ታየኝ፣ ጠፋ፣ ታየኝ፣ ሣር ላይ በሆዷ ተንሸራትታ ቆመች። ሄጄ ሳነሳት የክንፏ አፍንጫ ላይ የአውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አለ። ሁለት ማሰሪያ ተበጥሷል። ፕሮፔለሩ የለም። ስርጉዱን ከውስጥ በጣቴ ስገፋው ጠብ ብሎ ወጣ፣ ነጭ መስመር ብቻ ቀረ።

ጓደኛዬ ስብርባሪውን በክንዱ ታቅፎ መጣ። አውሮፕላኔን ገልብጦ አያት። «ይቺ አስቀያሚ» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «የሉሁ ትርፍ አለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

አለኝ። ከሁለት ክንፍ በላይ የሚበቃ። ቅዳሜ ማታ ቤት ይመጣል፣ የበር ሳንቃውን አዘጋጅቻለሁ። እሳቱን ማሳለፍ ግን ራሱ ነው የሚያደርገው፤ የመጀመሪያውን ሉህ ሲያሳርር ማየት እፈልጋለሁ።